መሬት አይታመምም

ማርል ክሪክ፣ ኦሃዮ
ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1978 እ.ኤ.አ.

ለውድ ወንድሜ ለኤምሊን፣

ይህ ወረቀት ባሕሩን አቋርጦ እጅህ ሲገባ አንተንም ባለቤትህን ማይርንም በሙሉ ጤና ያግኛችሁ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም ቢሆን ዕድሜዬን ያስታውሰኛል እንጂ ሌላ ክፋት የለውም። ወንድምህ ቨርሊንም ደህና ነው። አደራ እንዳልከኝ ሐሙስ ሐሙስ ሾርባ ይዤለት እሄዳለሁ። ጨው አንሶታል ይላል፤ ከዚያ ድስቱን ጠርጎ ይበላል።

የጃንዋሪውን በረዶ ወሬ እዚያ ዌልስም ሳትሰሙ አትቀሩም። አጥሩን ሁሉ ውጦት ነበር። በዚያ መሀል የወተት መኪና ነጂው የፌሬል ሚስት ዶሪን ምጥ ያዛት። አንተ ለጦርነት ስትሄድ እንደነበረው ዛሬም በሽተኛ የሚያመላልሰው የቀብር አስፈጻሚው ሚስተር ሎቬል ነው፣ በዚያው በሬሳ መኪናው። ድልድዩ ጋ ተቀረቀረ። ዶሪን ተረፈች፣ ልጁ ግን አልተረፈም። ሚስተር ሎቬል ልጁን ከቀበረ በኋላ ቤቴ መጥቶ፣ «ኔልዳ፣ እኔ የተማርኩት ሬሳ ማንሣት ነው። በሕይወት ያለ ሰው ከኋላዬ ሲያቃስት መንገዱ ይጠፋብኛል። ከበጋ በኋላ በቃኝ» አለኝ። አልፈረድኩበትም።

ስለዚህ መንደሩ የራሱን አምቡላንስ እንዲገዛ፣ የእሳት አደጋውንም ጣቢያ እንዲያድስ፣ በንብረት ግብር ላይ ትንሽ ጭማሪ ይደረግ ብለን ኖቬምበር ላይ ለሕዝብ ድምፅ ልናቀርብ ነው። እስከ ዛሬ የእሳት አደጋ መኪናችን ቤንዚን የሚገዛው በዓሣ ጥብስ ግብዣ በሚዋጣ ገንዘብ ነበር፤ አምቡላንስ ግን በዓሣ ጥብስ አይገዛም። የኮሚቴው ሰብሳቢ እኔ ሆኛለሁ። ጭማሪው ለአንድ ቤተሰብ በዓመት የአንድ ጥጃ ዋጋ አይሞላም።

ቨርሊን ግን አይሆንም ብሏል። «በሬሳ መኪናው መሄድ ምን ነውር አለው? መንገድ ላይ ብሞት እንኳ መኪና መቀየር አያስፈልገኝም» ይለኛል። እስኪ አንተ ጻፍለት። የኔን ነገር እንደ ሾርባዬ ነው የሚያየው፤ ያንተን ግን ይሰማል።

አምላክ ቤታችሁን ይጠብቅ።
የአጎትህ ልጅ፣ ኔልዳ ፕሮበርት


ትሬጋሮን፣ ዌልስ
ሜይ 3 ቀን 1978

ለእህቴ ለኔልዳ፣

ሰላምታዬ ከነማይር ሰላምታ ይድረስሽ፤ የሰማዩ አባት ጉልበትሽን ያጠንክርልሽ። ይህን ያህል በመዘግየቴ እንዳትቆጪኝ። በግ የሚወልድበት ወራት ነበር፣ የማይር አባትም አርጅቷል፣ በረቱ በኔ ላይ ወድቋል።

የዶሪንን ልጅ ነገር ለማይር ስነግራት አለቀሰች። እዚህ አምቡላንስ ለማንም በነፃ ይመጣል፤ እናንተ ዘንድ ሰው ስለ እሱ ይከራከራል ብዬ ለጎረቤቶቼ ብነግራቸው አያምኑኝም።

ለቨርሊን እጽፋለሁ። ግን ታውቂዋለሽ። እማማ ስትሞት ለቀብሯ ሳልመጣ ከቀረሁ ወዲህ፣ ለገና ከሚልከው ካርድ በቀር አንድ መስመር አልጻፈልኝም። ካርዱም ላይ ስሙ ብቻ ነው ያለው። አሁን ድንገት ተነሥቼ ስለ ግብር ብጽፍለት ምን ይለኛል? መጀመሪያ የሚባል ነገር አለ፤ እሱን እንዴት እንደምለው እያሰብኩ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት እቀመጥበታለሁ።

እንዴት ነው፣ አሁንም ጎተራው አናት ላይ ይወጣል? ጥርሱስ? የእማማን መቃብር ፎቶ ማንሣት ብትችዪ ላኪልኝ። ድንጋዩ ላይ ምን እንዳስጻፈ አላውቅም።

እግዚአብሔር ይባርክሽ።
ኤምሊን


ማርል ክሪክ
ሴፕቴምበር 24 ቀን 1978

ለወንድሜ ለኤምሊን፣

እንደምን ከረማችሁ? በጎቹስ? በኛ በኩል በቆሎው ደርሷል፣ እኔም እግር ተወርች ታስሬያለሁ። ፎቶውን አንስቼልሃለሁ፤ ፊልሙ ሲታጠብ እልካለሁ።

ባለፈው ማክሰኞ በትምህርት ቤቱ የስፖርት አዳራሽ ትልቁን ስብሰባ አደረግን። ሰው ሞልቶ ግድግዳ ላይ ተደግፎ ነበር። እኔ ስለ ዶሪን ተናገርኩ፣ ፌሬልም ራሱ ተነሥቶ ሁለት ቃል ተናግሮ መቀጠል አቃተው። ከዚያ ቨርሊን ከኋላ ተነሣ። ባርኔጣውን አወለቀ።

«በፌሬል ሐዘን ላይ የምለው የለኝም» አለ። «እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። ግብሩን የምታስከፍሉኝ በመሬቴ ስፋት ነው። መሬት ደሞ አይታመምም። የምታመመው እኔ ነኝ፣ እኔ ደሞ አንድ ሰው ነኝ። ቤተሰቡን ሙሉ ይዞ ተከራይቶ የሚኖረው ጎረቤቴ ምንም አይከፍልም። ላሞቼን ሸጫለሁ። መሬቱ ሣር እንጂ ገንዘብ አያበቅልልኝም። ሽጠው ትሉኝ እንደሆነ እሱንም ንገሩኝ።»

ሽማግሌዎቹ ሁሉ በአዎንታ አንገታቸውን ሲነቀንቁ አየሁ፤ አዳራሹ ከእጄ ሊወጣ ነው አልኩ። ያኔ ምላሴ ቀደመኝ።

«ቨርሊን፣ እንግዲያው እንስማማ» አልኩት። «ልብህ ቀጥ ያለ ዕለት እኛን እንዳትጠራ። መሬትህን ጥራው፣ እሱ ተሸክሞ ይውሰድህ።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እግራቸውን መሬት ላይ የመቱም ነበሩ። ቨርሊን ሳቁ እስኪያልፍ ቆሞ ጠበቀ። «እሺ፣ አልጠራም» አለና ተቀመጠ፤ ባርኔጣውንም ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። ከዚያ ወዲያ ስብሰባው የኛ ሆነ።

ሾርባውን ከሰሞኑ አልወሰድኩለትም። ቤት ለቤት መዞሩ፣ ወረቀት መለጠፉ ጊዜ አሳጣኝ። ምርጫው ይለፍ እንጂ እሄዳለሁ። አንተስ ጻፍክለት?

ሰላም ሁን፤ ለማይር ሰላምታዬን አቅርብልኝ።
ኔልዳ


ትሬጋሮን
ኦክቶበር 16 ቀን 1978

ለእህቴ ለኔልዳ፣

ጤናና ሰላም ካንቺ ጋር ይሁን። የስብሰባውን ነገር አንብቤ እንባዬ እስኪፈስ ሳቅሁ። ለማይር ደግሜ አነበብኩላት። ‹መሬትህን ጥራው›! ከልጅነታችን ጀምሮ ያንን ግትር የመለሰው ሰው አልነበረም። አባባ በሕይወት ቢኖር ከወንበሩ ተነሥቶ ያጨበጭብልሽ ነበር። ደግ አደረግሽ።

ደብዳቤውን እስካሁን አልጻፍኩትም። አሁን ብጽፍለት ካንቺ ወግኜ የመጣሁ ይመስለዋል። ምርጫው ይለፍና ነፃ ሆኜ እጽፍለታለሁ። እንዲያውም ለመጪው በጋ እኔው ራሴ ብመጣስ እያልኩ ነው። ለማንም እንዳትነግሪ፣ ገና ሐሳብ ነው።

መልካሙን ሁሉ ይስጥሽ።
ኤምሊን


ማርል ክሪክ
ኖቬምበር 12 ቀን 1978

ለወንድሜ ለኤምሊን፣

አምላክ የተመሰገነ ይሁን፣ አሸነፍን። በጠባብ ልዩነት ነው፤ ግን ጠባብም ቢሆን በር በር ነው። ማታውን ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ውስጥ ተሰብስበን የፍራፍሬ ፓይ በላን። ዶሪን መጣች፤ እጄን ይዛ ቆየች።

ቨርሊንን ድምፅ መስጫው በር ላይ አገኘሁት። እሱ ሊወጣ፣ እኔ ልገባ። በሩን ከፍቶ ያዘልኝ።

«ጉልበትሽ እንዴት ነው?» አለኝ።

«ደህና ነው» አልኩት።

«ደረጃው ያዳልጣል፣ ቀስ ብለሽ ውረጂ» አለና ሄደ። ልከተለው ብዬ ነበር፤ የኮሚቴው ሰዎች ግን ከውስጥ ይጠሩኛል፣ ገባሁ። ካየሁት ወዲህ ከስቷል፤ ወይም ካፖርቱ ሰፍቶት ይሆናል።

አሁን ደግሞ ሳትስቅ ስማኝ፤ በዚህ ዕድሜዬ የአምቡላንስ ረዳት ለመሆን ትምህርት ጀምሬያለሁ። የጎማ አሻንጉሊት ደረት እንጫናለን፣ አፉ ውስጥ እንተነፍሳለን። ፌሬልም አብሮኝ ይማራል። ትምህርቱ የሚውለው ሐሙስ ነው፤ ስለዚህ ሾርባውን ሌላ ቀን ማድረግ አለብኝ።

የመቃብሩን ፎቶ እዚህ ውስጥ ታገኘዋለህ። ምርጫው አልፏል እንግዲህ። ጻፍለት፣ ኤምሊን።

ኔልዳ


ትሬጋሮን
ጃንዋሪ 28 ቀን 1979

ለእህቴ ለኔልዳ፣

አዲሱ ዓመት የደስታ ይሁንልሽ። ለድላችሁ እንኳን ደስ ያለሽ። በነፃ ይመጣል ብዬ የተመጻደቅሁበት አምቡላንስ ዘንድሮ ነጂዎቹ ደመወዝ አነሰን ብለው ሥራ አቁመዋል። ማይር፣ «ለኔልዳ ጻፍላት፣ እሷ ትሳቅብን» ብላኛለች።

ፎቶውን መደርደሪያው ላይ አቆምኩት። ድንጋዩ ላይ ‹የቨርሊንና የኤምሊን እናት› እንደሚል አላውቅም ነበር። የኔን ስም ይተወዋል ብዬ ነበር የማስበው።

ዘንድሮ ለገና ካርድ አልላከልኝም። ታሞ ይሆን? ለሱ ግማሽ ገጽ ያህል ጽፌ አስቀምጫለሁ። ልጨርሰው ነው።

ኤምሊን


ማርል ክሪክ
ጁን 10 ቀን 1979

ለወንድሜ ለኤምሊን፣

የሚያጽናና ጌታ ያጽናህ። የመጀመሪያው ቴሌግራሜ የማይር እህት ዘንድ ስለነበራችሁ ደጃችሁ ላይ መክረሙን ከመልስህ ተረዳሁ። የቨርሊንን ሕመምና ሞት የሚነግሩትን ሁለቱን ቴሌግራሞች አንድ ላይ መክፈትህ አሳዘነኝ። ቀብሩ በደንብ ሆኗል። እናታችሁ አጠገብ ነው ያረፈው። አሁን ሁሉንም እንደ ሆነው ልጻፍልህ፤ ካንተ የምደብቀው የለኝም።

አምቡላንሱ ማርች ላይ መጥቶልን ነበር። የቆመው በአሮጌው የመኖ መጋዘን ውስጥ ነው፤ ከቨርሊን በረንዳ ሆኖ ለሚያይ ጣሪያው ይታያል። እሱ የታመመ ዕለት ማለዳ ተረኛዋ እኔ ነበርኩ። ፌሬል ወተት ሊሰበስብ ሲሄድ የቨርሊን ፒክአፕ መንገዱ መሀል ሞተሩ እየሠራ ቆሞ አገኘው። ቨርሊን ግንባሩን መሪው ላይ አድርጓል። «ጀርባዬን ነው፣ ያልፋል» አለው። ፌሬል አልሰማውም፤ ቅርብ ወዳለው ቤት ሮጦ ደወለልን።

ስንደርስ ፊቱ አመድ መስሎ፣ ላብ አጥምቆት ነበር። ባርኔጣውን ግን በወጉ አድርጓል። ቃሬዛው ላይ አስተኝተን ኦክስጅኑን አፉ ላይ ሳደርግለት ዐይኑን ከፍቶ አየኝ።

«ዛሬ ሐሙስ ነው እንዴ?» አለኝ።

«አይደለም። ዝም በል፣ አትናገር» አልኩት። ዝም ማለት ያቃተኝ ግን እኔ ነኝ። «መቼ ጀመረህ?» አልኩት።

«ማታ፣ ራት ላይ።»

«ሌሊቱን ሙሉ? ስልኩ ግድግዳው ላይ አይደለም እንዴ? ለምን አልደወልክም?»

ኦክስጅኑን በእጁ ገፋ አደረገና፣ «በሰው ፊት አልጠራም ብያለሁ» አለኝ። «ነግቶ በራሴ እግር ልሄድ ነበር።»

«ቨርሊን፣ ቀልድ ነበር እኮ።»

«አውቃለሁ» አለ። «ጥሩ ቀልድ ነበር።»

ኤምሊን፣ በቁጣ ቢለው ደስ ባለኝ። በቁጣ አላለውም። ስለ ሾርባ እንደሚያወራ አድርጎ ነው ያለው። ከዚያ ሆስፒታል እስክንደርስ እጁን ይዤ ነበር፤ እሱም አላስለቀቀኝም።

ሐኪሙ ወጣት ነው። ኮሪደር ላይ አቁሞኝ፣ ሌሊቱን እቤት ባያሳልፈው ኖሮ ልቡ ይህን ያህል አይጎዳም ነበር አለኝ። እኔ ማን እንደሆንኩ አያውቅም፤ ለአንዲት የአምቡላንስ ረዳት እንደ ትምህርት ነው የነገረኝ።

ከዚያ በኋላ ከሳምንት በላይ ቆየ። በየቀኑ እሄድ ነበር። አጠገቡ በተኙት ሕሙማን ይቀልዳል፤ የነርሷን ሻይ ያማል። አንድ ቀን ወደ መስኮቱ ዞሮ፣ «ኤምሊን ይጽፋል?» አለኝ።

«ይጽፋል» አልኩት።

«ለኔ ማለቴ ነው።»

ምን ልበለው? «ጽፎልሃል። ደብዳቤው መንገድ ላይ ነው፤ የባሕር ማዶ ፖስታ ይዘገያል» አልኩት። በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ወዲያ ለሕሙማን ፖስታ የምታድለው ልጅ ጋሪዋን እየገፋች በመጣች ቁጥር ቀና ይላል። ሥራዬ ብዬ አልቅሼ አላውቅም ነበር፤ ያን ጊዜ መኪናዬ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ።

ያልኩትን በአዳራሽ ያልኩት እኔ ነኝ። ሾርባውን ያቋረጥኩትም እኔ ነኝ። በሩን ሲከፍትልኝ አንድ ቃል ብናገር ኖሮ ይደውል ነበር ብዬ አስባለሁ። ፌሬል፣ «ቨርሊን ያው ቨርሊን ነው፣ ራስሽን አትግደዪ» ይለኛል። ሊያጽናናኝ ነው። አያጽናናኝም።

ቤቱ ተቆልፏል። ቁልፉ እኔ ዘንድ ነው። ምን እንደሚደረግ አንተ ንገረኝ።

ኔልዳ


ትሬጋሮን
ጁን 18 ቀን 1979

ለእህቴ ለኔልዳ፣

ደብዳቤሽ ዛሬ ጠዋት ደረሰኝ፤ ዛሬውኑ ነው የምመልሰው። እንዲህ ፈጥኜ መመለስ እችል ኖሯል።

መጀመሪያ ተናደድኩብሽ፣ አልዋሽሽም። ደብዳቤውን መሬት ጥዬው በረቱ ጋ ሄጄ ቆምኩ። ከዚያ ትዝ አለኝ። ያንን ቃል አንቺ አንድ ጊዜ ብትናገሪው እኔ ሁለት ጊዜ ጮክ ብዬ አንብቤዋለሁ፣ ደግ አደረግሽም ብዬሻለሁ። ወንድሜ ሳቁ እስኪያልፍ ቆሞ ጠበቀ ብለሽ እየጻፍሽልኝ እኔ ያንን መስመር ዘልዬው አለፍኩ። አሁን ደብዳቤውን ፈልጌ አውጥቼ አነበብኩት፤ ጽፈሽዋል።

ያ ግማሽ ገጽ አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ምን ይላል ብለሽ ብታስቢ፣ ስለ ዝናብ ነው። ስለ ዝናብና ስለ በግ ዋጋ። ለእማማ ቀብር ለምን እንዳልመጣሁ ልጽፍለት በተቀመጥኩ ቁጥር ዝናቡ ይቀድመኛል። እሱ ግን ስሜን በድንጋይ ላይ አስቀርጾ ነበር፤ ከዚያ በላይ ምን እንዲለኝ ነበር የጠበቅሁት?

ስለ ቤቱ አሁን አትጠይቂኝ። አንድ ነገር ብቻ እንድትነግሪኝ እፈልጋለሁ። ደብዳቤው መንገድ ላይ ነው ስትዪው አመነሽ? እየጠበቀኝ ነው የሞተው? እንዲቀለኝ ብለሽ እንዳትቀባቢው። እንደ ሆነው ንገሪኝ።

ኤምሊን


ማርል ክሪክ
ጁላይ 8 ቀን 1979

ለወንድሜ ለኤምሊን፣

ሰላም ለቤትህ። የጠየቅኸኝን ለመመለስ ቀናት ወሰደብኝ፤ ስለ መዘግየት እንግዲህ ካንተ ጋር ተካክለናል።

ከኮሚቴው ወጥቻለሁ። ከአምቡላንሱም ልውጣ ብዬ ነበር፤ ፌሬል እምቢ አለኝ። «ቁጭ ብለሽ ምን ልትሠሪ ነው?» አለኝ። ስለዚህ በተረፈኝ ጊዜ ቤት ለቤት እየዞርኩ ነው። አምና ድምፅ እየለመንኩ የዞርኳቸውን በሮች ሁሉ እንደገና አንኳኳለሁ። የምለው አጭር ነው፤ «ያኔ እንዴት እንደመረጣችሁ ግድ የለኝም፤ ሲያማችሁ ጥሩን።» ወይዘሮ ቫንስ በሩን ሰንሰለቱ የፈቀደውን ያህል ብቻ ከፍታ፣ «እኔ እምቢ ብዬ እንደመረጥኩ ማን ነገረሽ?» አለችኝ። «ማንም አልነገረኝም። ሁሉም ቤት እየሄድኩ ነው» አልኳት። ጥቂት አየችኝና፣ «የቨርሊን ዘመድ ነሽ አይደል?» ብላ በሩን ዘጋችው። ትክክል ናት። የሚከፍቱልኝም አሉ። አንዳንዱ ቁጥሩን ግድግዳው ላይ ይጽፈዋል፣ አንዳንዱ ወንበር ይሰጠኛል። መሬትህን ጥራው ያልኩትን የረሳ ግን አንድም ሰው አላጋጠመኝም፤ ልጆች ሳይቀሩ ያውቁታል።

አሁን የጠየቅኸኝን ልንገርህ።

ከመሞቱ በፊት በነበረው ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ፖስታ አዳይዋ ልጅ ጋሪዋን ገፍታ በኛ በር አለፈች። ቨርሊን እንደ ልማዱ ቀና አለ። እኔ አንገቴን ደፋሁ። ከዚያ ወደኔ ዞሮ፣ «ኔልዳ፣ የኤምሊን ደብዳቤ ሲመጣ አንቺው ክፈችና አንብቢልኝ» አለኝ። «መነጽሬን እቤት ረስቼዋለሁ፤ እኔ ማንበብ አልችልም። ምን እንደሚል አንቺ ብትነግሪኝ ይበቃኛል።»

«እሺ» አልኩት።

«አሁን ቢሆንም ግድ የለም» አለኝ። «ምን የሚል ይመስልሻል?»

እኔም ነገርኩት። እናታችሁን ለመቅበር ያልመጣኸው ስላልወደድካት እንዳልሆነ፣ አፍረህ እንደቆየህ፣ ለበጋው ልትመጣ እያሰብክ እንደነበር ነገርኩት። ለማንም እንዳትነግሪ ብለኸኝ ነበር፤ ነገርኩት። ዐይኑን ጨፍኖ እስከ መጨረሻው ሰማኝ። «ጥሩ ደብዳቤ ነው» አለ። ከዚያ ተኛ።

ስለዚህ አመነኝ ወይ ብትለኝ፣ አላመነኝም። መነጽሩ እኮ የፒጃማው ደረት ኪስ ውስጥ ነበር፤ ጫፉ ብቅ ብሎ እያየሁት ነው ያነበብኩለት።

ኔልዳ